ከመኪናው ጎን ያንኳኳው

እኔ እንኳን የጅን ወሬ፣ የሰው ወሬም ቢሆን ቶሎ አላምንም፣ የሚያውቀኝ ሁሉ ያውቃል። ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ እዚህ ዛፍ ሥር ታየ፣ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ተሰማ ሲባል ‹‹እስቲ መጀመሪያ ውሃ ጠጡ፣ ፀሐይ መቷችሁ ነው›› የምል ሰው ነኝ፣ ዛሬም የሌላ ሰው ወሬ ከሆነ እንደዚያው ነው የምለው። ይኼኛው ግን በጠራራ ፀሐይ፣ በገዛ እጄ፣ በገዛ እናቴ ላይ የደረሰ ነውና ምን ላድርግ፣ እንደሆነው ልንገራችሁ፣ ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው።

ያን ጊዜ የምሠራው በዓይን ሐኪም መኪና ላይ ነበር። መኪና ስላችሁ ተራ መኪና እንዳይመስላችሁ፣ ፈረንጆች ለሽርሽር ሲሄዱ የሚያድሩበት፣ ውስጡ ሙሉ ቤት የሆነ ትልቅ መኪና ነው፣ አርጅቶ ሱዳን ሲገባ አልጋውን አውጥተው የቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ አስገቡበት። የሚገርመው ጎኑ ነው። መኪናው ሲቆም አንድ ቁልፍ ትጫኑና ጠረጴዛው ያለበት ክፍል ከነግድግዳው እንደ መሳቢያ እየተንሸራተተ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ያ ጠባብ ቦታ ሰፊ ይሆናል፣ ዶክተሯ በጠረጴዛው ዙሪያ እንደ ልቧ ትዞራለች። እኔ ለሐበሻ በሽተኞች አስተርጓሚ፣ ወለል አጽጂ፣ የዚያ ቁልፍ ተጫኝም ነበርኩ።

ሾፌሩ ኡስታ ዳኘው ናቸው፣ ሱዳኖች የሙያ አዋቂን ኡስታ ነው የሚሉት፣ የአርማጭሆ ሰው፣ በረሃቡ ጊዜ ተሻግረው እዚያው ሽበት ያወጡ። እመኑኝ፣ መኪና እንደሳቸው የሚያቆም ሰው አላየሁም። የገዳሪፍ መሬት ጥቁር ዋልካ ነው፣ በበጋ ክንድ የሚያስገባ ንቃቃት አለው፣ በዝናብ ደግሞ የያዘውን አይለቅም፣ እሳቸው ግን መጀመሪያ መሬቱን በብረት ዘንግ እየወጉ ይዞሩታል፣ ጎማው ሥር ታኮ ያስገባሉ፣ የመኪናውን አራት የብረት እግሮች ጣውላ ላይ ያወርዳሉ፣ ውሃ ልካቸውን አንዴ በርዝመቱ አንዴ በወርዱ ያስቀምጣሉ፣ በመጨረሻም አንድ ብርጭቆ ውሃ እስከ አፉ ሞልተው ወለሉ ላይ ያኖሩና ጎንበስ ብለው ያዩታል። ጠብ ካላለ አንስተው ጭልጥ ያደርጉታል። ‹‹ኸላስ፣ አለቀ፣ አሁን ቤት ሆነ›› ይላሉ። መኪናው ካዘመመ ግን የሚወጣው ክፍል መሐል ላይ ነክሶ ይቀራል፣ ከባሰም ክብደቱ ወደ አንድ ወገን ሄዶ መኪናውን ይጥለዋል፣ ስለዚህ ክፍሉ ሲወጣ ውስጡ ሰው እንዳይኖር ጥብቅ ሕጋቸው ነበር።

ጄነሬተሩ ስለሚጮህ ከውጭና ከውስጥ ሆኖ መነጋገር አይታሰብም። እሳቸው ከውጭ ሆነው ግድግዳውን በመፍቻ ያንኳኩልኛል፣ ሁለቴ ከሆነ ክፍሉን ልቀቂው፣ አንዴ ከሆነ ቁሚ። ያስተማሩኝ ይኼንኑ ብቻ ነው።

ያን ቀን በዶካ መንገድ ላይ ካለች አንዲት መንደር ደረስን፣ እናቴ የምትኖርባት መንደር ናት። ሁለቱም ዓይኗ በሞራ ተሸፍኖ አራት ዓመት ሆኗታል፣ በድምፄ ነው የምታውቀኝ፣ ስንት ለምኜ ነው ዶክተሯ በዚያ እንድታልፍ ያደረግኳት። ኸሪፉ፣ የዝናቡ ወራት፣ ሊገባ ነው፣ ደመናው በሐበሻ በኩል ጠቁሮ ተከምሯል፣ አንዴ ከዘነበ መኪናው ክረምቱ እስኪያልፍ አይመለስም፣ ዶክተሯም በማግስቱ ፋሻ ፈትታ ወደ ካርቱም ሂያጅ ናት። የእናቴ ዓይን ወይ ያን ቀን ይገለጣል፣ ወይ ደግሞ እግዜር ይወቀው።

ኡስታ አቆሙ፣ ለኩ፣ ብርጭቆውን አስቀመጡ። ውሃው ጠብ አላለም፣ እሳቸው ግን አልጠጡትም። ‹‹ቆይ ትርንጎ፣ የኋላውን እግር ልቤ አልወደደውም፣ ከመንደር ጣውላ ላምጣ፣ ሳላንኳኳ እንዳትነኪው›› ብለው ሄዱ።

እኔ ምን ሠራሁ መሰላችሁ? እናቴን ውጭ ፀሐይ ላይ ቆማ አየኋትና አንጀቴ አልቻለም፣ እጇን ይዤ አስገባኋትና እዚያው በሚወጣው ክፍል ውስጥ፣ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀመጥኳት። ሕጉን እያወቅኩ ነው። ዶክተሯ ዛፍ ሥር ሆና ሰዓቷን ታያለች፣ ደመናው ይገፋል፣ ኡስታ የሉም። ‹‹ምነው፣ ሽማግሌው ጣውላ ሊያበቅሉ ነው እንዴ የሄዱት!›› አልኩና ሳይንኳኳልኝ ቁልፉን ተጫንኩት።

ስንዝር ያህል እንደሄደ ከውጭ አንዴ ‹‹ኳ!›› አለ።

ጣቴን ከቁልፉ አነሳሁ። ኡስታ መጡ ብዬ ጠበቅኩ፣ ምንም የለም። ደግሜ ተጫንኩ፣ ‹‹ኳ!›› አለ፣ አሁን ጠንከር ብሎ፣ ልክ ከእናቴ ትከሻ አጠገብ። ከዚያ፣ በሞቴ እንዳትስቁብኝ፣ የሆነ ነገር ግድግዳውን ከላይ ወደ ታች ሲፍቀው ሰማሁ፣ ሳይቸኩል፣ ሥራ እንደሚያስረዳ ሰው ረጋ ብሎ። እናቴ መዳፏን ግድግዳው ላይ አደረገች።

‹‹እዚህ ጋ ነው እጁ›› አለች።

‹‹የማን እጅ?››

‹‹እኔ ምን አውቄ! የሚያንኳኳው ሰውዬ ነዋ። ምን አጣደፈሽ፣ ስሚው እንጂ!››

ኡስታ መስለውኝ ልጮህባቸው ወጣሁ። ከግድግዳው አጠገብ ሰው የለም። ኡስታ ዳኘው ጣውላ ተሸክመው ከመንደሩ ጫፍ ገና ብቅ ማለታቸው ነው፣ የቀረው ሰው ሁሉ ዛፉ ሥር ተቀምጦ ያየኛል። ‹‹ማነው ያንኳኳው?›› አልኩ በዓረብኛም በአማርኛም፣ እርስ በርሳቸው ተያዩ፣ አንድ ሽማግሌ ‹‹ማፊ ዘውል›› አሉኝ፣ ሰው የለም ማለታቸው ነው።

ግድግዳው የመንገዱን አቧራ እንደለበሰ ነበር። በአቧራው ላይ ከመስኮቱ ጀምሮ አንድ መስመር ወርዷል፣ በአንድ ጣት የተሰመረ፣ ቀጥ ያለ፣ የሚያበቃውም ልክ ከኋለኛው የብረት እግር በላይ ነው። ኡስታ ደርሰው ሲያዩት ጣውላውን ከትከሻቸው ጣሉት።

‹‹ተንኳኳ?››

‹‹አንዴ፣ ቆይቶ ደግሞ አንዴ፣ ከዚያ ፋቀው።››

‹‹ከላይ ወደ ታች?››

‹‹አዎ።››

ዘንጋቸውን አንስተው ከዚያ እግር ሥር ወጉት፣ ዘንጉ ገባ፣ ገባ፣ እጃቸውም እስከ ብብታቸው ተከተለው። ጣውላችን የተቀመጠው በስስ የአፈር ቅርፊት ላይ ነበር፣ ከሥሩ ባዶ ነው። ‹‹ቅድም ከጎኑ ነው የወጋሁት፣ ይችን ስቻታለሁ። ክፍሉ ቢወጣ ኖሮ መኪናው በዚህ በኩል ይወድቅ ነበር›› አሉ። እናቴ ውስጥ እንዳለች ስነግራቸው ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። እኔ እዚያው አፈር ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ቆይተው ጎንበስ አሉና ‹‹ትርንጎ፣ መፋቁን ማን ነገረሽ?›› አሉኝ።

‹‹ማንም፤ ምን ማለት ነው?››

‹‹ከዚህ በታች ያለው እግር እየሰመጠ ነው ማለት ነው። እኔው ያወጣሁት ምልክት ነው፣ ገና በሆዴ ነው ያለው፣ ነፍስ ላለው ሰው አልተናገርኩትም። ነገ ላስተምርሽ ነበር።››

መኪናውን ሠላሳ እርምጃ አራቅነው፣ እሳቸው እንደ አዲስ ወጉ፣ ለኩ፣ ጣውላ ደረቡ፣ አሁን ውሃቸውን ጠጡት፣ ሁለቴ አንኳኩልኝ፣ ክፍሉም እንደ ቅቤ ተንሸራቶ ወጣ። የእናቴ ቀኝ ዓይን ፀሐይ ሳትጠልቅ ተሠራ። አልደብቃችሁም፣ ፈርቼ ነበር፣ ግን ከፍርሃቴ ይልቅ መደነቄ በለጠ። ያንኳኳው ማንም ይሁን ማን ሥራውን አሳምሮ ያውቃል! አልጮኸ፣ አላስደነበረ፣ ቁሚ አለ፣ ጥፋቱ የት እንደሆነ አሳየ፣ ዞር አለ። ኡስታ ዳኘው ራሳቸው፣ ማንንም የማያደንቁት ሰውዬ፣ ያን መስመር ደጋግመው እያዩ ‹‹ከኔ ይሻላል›› አሉ።

ጠዋት ፋሻው ተፈታ። እናቴ ዓይኗን አርገብግባ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችና ‹‹ምነው ልጄ፣ ከሳሽብኝ›› አለች፣ ተላቀስን። እንባዋን ጠርጋ ስታበቃ ‹‹በይ ያን ያንኳኳልንን ሰውዬ አሳዪኝ፣ ጉልበቱን ልሳም›› አለችኝ። የማሳያት ቢጠፋኝ ወደ ኡስታ ጠቆምኩ። እሳቸውም ወደ ኋላ አሉና ‹‹አይ እትዬ፣ ያላደረግኩትን አልወስድም፣ እኔ አይደለሁም›› አሏት።

እናቴ ዘወር ብላ ትናንት መኪናው መጀመሪያ ቆሞበት የነበረውን ቦታ አየች፣ ከጎማ ዱካ በቀር ምንም የሌለበትን። ረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ ዝቅ ብላ እጅ ነሳች፣ ቀና አለችና ለሚያልፍ ሰው መንገድ እንደሚለቁት ወደ ጎን ፈቀቅ አለች።

‹‹እማ፣ ማንን ነው?›› አልኳት።

‹‹ተይኝ፣ ዓይኔ ገና አልጠራም›› አለች።

ይኸው ስንት ዓመት አለፈ፣ ዛሬ በዚያ ዓይኗ በመብራት ክር መርፌ ውስጥ ታስገባለች፣ ከሩቅ የሚመጣውን ሰው ከእኔ ቀድማ ትለያለች። የዚያን ቀኑን ስጠይቃት ግን አሁንም ፊቷን ታዞርና ‹‹ዓይኔ ገና አልጠራም›› ትለኛለች።