በብልቃጡ ላይ ያለው ስም

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ የመሪያም ሱቅ ታሸገ።

ነገሩ የጀመረው ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ገጠር፣ ቢዮ አዋሌ ነው። ሁለት ሕፃናት ሻይ ጠጥተው ቀኑን ሙሉ ሲያስመልሳቸው ዋለ። ነፍሳቸው ተረፈች፣ ተመስገን። ሻዩ ውስጥ የገባው ቅመም ሲታይ ግን ከሄሉና ከቀረፋው ሰጋቱራው ይበዛል። ብልቃጡ ላይ ደግሞ በአረንጓዴ ቀለም «የመሪያም የሻይ ቅመም፣ ድሬዳዋ» የሚል ሌብል ተለጥፏል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይምጣ?

ዘመኑም የሚቀለድበት አልነበረም። ምግብ ውስጥ ባዕድ ነገር መቀላቀል «የኢኮኖሚ አሻጥር» ይባላል። አሻጥረኛ የተባለ ሰው ምን እንደሚገጥመው በ1975 ዓ.ም. ድሬ ውስጥ የማያውቅ የለም። የቀበሌው ሊቀመንበር ቁርጡን ተናገሩ።

«ዓርብ ጠዋት ዶሴው ወደ ላይ ይሄዳል። ፖሊስ ሌላ የሚለው ካለው እስከዚያ ይበል።»

ጉዳዩ የተሰጠው ለሃምሳ አለቃ ዘነበች ነው። ዘነበች የሰው ድስት ከፍታ ካላየች ሆዷ የማያርፍ ሴት ናት፤ ጣቢያው ውስጥ «ወይዘሮ ለምን» ይሏታል። ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ አቁማ መሪያምን አስጠራች።

«ይሄ ያንቺ ነው?»

«ብልቃጡ የኔ ነው። ሌብሉም የኔ ነው። ቅመሙ ግን ወላሂ የኔ አይደለም!»

«የማነው ታዲያ?»

«ባውቅማ እዚህ ምን አስቀመጠኝ! ባሌ ከሞተ ወዲህ አራት ልጅ ያሳደግኩት በዚህ ቅመም ነው። በገዛ እንጀራዬ ላይ ሰጋቱራ የምነሰንስ እብድ ነኝ?»

«ክፉሽን የሚመኝ አለ?»

መሪያም አላመነታችም። «ሙመድ! ፊት ለፊቴ ቅመም የሚሸጠው። ሌብል ካሳተምኩ ጀምሮ ሰላምታ ነስቶኛል።»

ዘነበች በቀጥታ ወደ መጋላ ገበያ ወረደች። ሙመድ ሱቅ ስትገባ መጀመሪያ ዓይኗ ያረፈው ጥግ ላይ በተቀመጠ ጆንያ ላይ ነው። እጇን ከታ ዘገነች። ሰጋቱራ! 

«ይሄ ምንድነው?»

«ሰጋቱራ ነዋ! ውኃ አርከፍክፌ ወለል የምጠርግበት። ልበላው መሰለሽ?»

«መሪያምን ትጠላታለህ አሉ።»

«እጠላታለሁ አቦ! ደንበኞቼን ሙልጭ አድርጋ ወስዳብኛለች። ቅመሟ ግን…» አለና ሚዛኑን መወልወል ጀመረ።

«ቅመሟ ግን ምን?»

ሙመድ ወደ በሩ ገልመጥ አለ። ሰው አለመኖሩን አይቶ ከባንኮኒው ሥር አንድ ብልቃጥ አወጣ። የመሪያም ቅመም ነው፣ ግማሹ አልቋል።

«ሰው እየላክሁ አስገዛለሁ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ያለሱ ሻይ አይዋጥልኝም። ለማንም እንዳትናገሪ፣ ሃምሳ አለቃ። በአላህ!»

ዘነበች ሳቋን አፍና ብልቃጡን ይዛ ወጣች። ጠላቷ ራሱ የሚጠጣው ቅመም እውነተኛ መሆኑን ምን ያጠራጥራል?

ጣቢያ ተመልሳ ሁለቱንም ብልቃጦች ወረቀት ላይ ዘረገፈቻቸው። የሙመዱ ክፍሉን በሄል ሽታ ሞላው። የቢዮ አዋሌው ግን የአናጢ ቤት ሽታ ነበረው። ሌብሎቹን አስተያየቻቸው። ፊደሉ አንድ፣ ከታች ያለችው አበባ አንድ፣ ስፋቱ አንድ፣ አረንጓዴው ብቻ የአንደኛው ትንሽ ደብዘዝ ያለ። ግራ ገብቷት ባዶዎቹን ብልቃጦች ወደ መስኮቱ አነሣቻቸው።

እውነተኛው ሌብል በመስታወቱ ውስጥ ሲታይ ጀርባው ነጭ ነው። የሌላኛው ጀርባ ላይ ግን ጽሑፍ አለ። ዓይኗን አጥብባ አነበበችው፦ «…ሰማ ዳቦ ቤት። የደረሰኝ ቁጥር…»

«ለምን?» አለች ለብቻዋ፣ እንደ ልማዷ።

ከዚራ ሰፈር ውስጥ የተሰማን ዳቦ ቤት የማያውቅ የለም። ረቡዕ ጠዋት እዚያ ደረሰች።

«ጋሽ ተሰማ፣ ደረሰኝዎን የት ነው ያሳተሙት?»

«ማሳተም ፈልገሽ ነው? እንግዲያውስ ልምከርሽ!» አሉ ተሰማ ከእጃቸው ላይ ዱቄት እያራገፉ። «ከባቡር ጣቢያው ወዲህ ያሉት ሥራቸው ልቅም ያለ ነው፤ ወረፋቸው ግን ያስረጃል። እኔ ተማም ጋ ነኝ፣ መጋላ። ይነጫነጭብሻል እንጂ ባለው ቀን ያስረክብሻል።»

ዘነበች የደቻቱን ወንዝ ተሻግራ ተማም ዘንድ ሄደች። ሽማግሌው ጣቶቻቸው እስከ ጥፍራቸው ሥር ቀለም የጠጡ ናቸው። ጥያቄዋን ገና ሳትጨርስ መዝገባቸውን ገለጡ።

«የመሪያም፣ አምስት መቶ ታዘዘ፣ አምስት መቶ ወጣ። ይኸው ፊርማው! አንድ ትርፍ አላትምም። ሲቆጣጠሩኝ ምን ልላቸው ነው?»

«ይሄስ፣ አባ ተማም?» ባዶውን ብልቃጥ ሰጠቻቸው።

ወደ ብርሃኑ አነሡት። ፊታቸው ተለወጠ።

«ይሄ መሞከሪያዬ ነው» አሉ። «ወረቀት በኮታ ነው የሚሰጠን። ስለዚህ ቀለሙ እስኪስተካከል ድረስ በአዲስ ወረቀት አልሞክርም። ከሌላ ሥራ የተረፈውን ገልብጬ በጀርባው አትምበታለሁ።»

«ከዚያስ የት ይጣላል?»

«ይጣላል? ኧረ ለኦቾሎኒ ሻጮች መጠቅለያ እሰጠዋለሁ! የድሬ ሰው ኦቾሎኒ የሚበላው በኔ ስህተት ተጠቅልሎ ነው።»

«የመሪያምን መሞከሪያ ማን ወሰደው?»

ተማም ግንባራቸውን አሹ። «ሥራውን የተረከበው። ዒልሚ፣ ቅመሟን ቢዮ አዋሌ የሚያደርስላት። ለኦቾሎኒ ሻጭ ጎረቤቴ ነው ብሎ አንድም ሳያስቀር ለቀመው። ደግሞ አጠገቤ ቆሞ ‹አረንጓዴው አልጠራም፣ እስቲ ድገመው› እያለ ነፍሴን ሲያወጣት ነበር። ያን ቀን የፈጀሁት ወረቀት! በአንዱ ላይ ስምንት ስምንት ሌብል ነው ያለው።»

ዘነበች ባቡር ጣቢያው አጠገብ ወዳለው ማተሚያ ቤትም ጎራ አለች። የተበላሸውን ምን እንደሚያደርጉት ጠየቀች። ማታ ማታ ቆጥረው እንደሚያቃጥሉት ነገሯት። ከዚያ መሪያም ቤት ሄደች።

«ማተሚያ ቤቱን ማን መረጠልሽ?»

«እኔማ የባቡር ጣቢያውን ነበር የፈለግኩት። ዒልሚ ነው ‹ተማም ይሻልሻል› ብሎ የጎተጎተኝ። ምነው?»

«እዚያ የተበላሸው ሌብል ይቃጠላል፤ ተማም ጋ ግን ለጠየቀ ሁሉ ይሰጣል» አለች ዘነበች ለመሄድ እየተነሣች።

ሐሙስ ዕለት የዒልሚ ቤት ሲፈተሽ ከአልጋው ሥር ሁለት ነገር ተገኘ፤ አንድ ከረጢት ሰጋቱራና ገና ያልተቆረጡ ሌብሎች። ጣቢያ ሲያመጡት መሪያም፣ ተማምና ሊቀመንበሩ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። ዘነበች ባዶውን ብልቃጥ ሰጠችው።

«ውስጡን አንብብ።»

አነበበ። ወንበሩ ላይ ዝርግፍ አለ።

«ለምን?»

ዒልሚ ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ገነፈለ።

«ስድስት ዓመት! በፀሐይ፣ በጎርፍ፣ ቢዮ አዋሌ ድረስ! ሰው ሁሉ ‹የዒልሚ ቅመም መጣ› ነበር የሚለው። መሪያም የምትባል ሴት መኖሯንም የሚያውቅ አልነበረም። ሌብል የተለጠፈ ዕለት ግን ‹የመሪያምን አምጣ› ሆነ። እኔስ ማነኝ? አህያው ነኝ?»

«ልጆቹስ ምን በደሉህ?» አለችው ዘነበች።

ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ያማቸዋል ብዬ አላሰብኩም። ጣዕሙን ሲጠሉት ይተዉታል፣ ከዚያ በስሜ የራሴን እሸጣለሁ ብዬ ነው።»

ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የመሪያምን ዶሴ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ማሸጊያው ዛሬውኑ እንዲነሣ አዘዙ። ዒልሚን ሁለት ፖሊሶች ይዘው አስነሡት።

መሪያም ደስ ይላታል ብለው ሁሉም ጠብቀው ነበር። እሷ ግን በሁለት እጇ ራሷን ይዛ ታለቅስ ነበር።

«ዋሪያ ዒልሚ፣ ምነው ብትነግረኝ!» አለችው። «አንድ ቃል ብትተነፍስ ምን ነበረበት?» ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞረች። «አባ ተማም፣ ‹አከፋፋይ ዒልሚ› የምትል አንዲት መስመር ብትጨመር ሌብሉ ላይ አትገባም ነበር?»

ተማም ከተያዙት ሌብሎች አንዱን አንስተው በአውራ ጣታቸው ሥሩን ዳሰሱት።

«ከታች ባዶ ቦታ ነበረው» አሉ ቀስ ብለው። «ባዶውን እንዳይቀር ብዬ ነው ይቺን አበባ ያስገባሁበት።»