ደም ያልነካው ገመድ

መርማሪዋ ከመኪናዋ ወርዳ በሩን እንኳ ሳትዘጋ የሟች ሚስት ክንዷን ያዙ። ፊታቸው ላይ እንባ የለም፤ ሌሊቱን አልቅሰው የጨረሱ ይመስላሉ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ፤ ሌላው አይገደኝም» አሉ። «አጠገቡ የጥሪ ገመድ እያለ ለምን አልሳበውም? ሰዉ ሁሉ መኖር ታክቶት ነው ይለኛል። እውነት ጥሎኝ ነው የሄደው?»

መርማሪዋ በባዶ ማጽናናት አትወድም። ባልደረቦቿ በዝግታዋ «እትዬ ቀስ በቀስ» እያሉ ያሾፉባታል፤ እሷም ግድ የላትም። «ሳላውቅ አልነግርዎትም» አለች። «ካወቅሁ ግን አንዲት ነገር አልደብቅዎትም።»

ሕንፃው ሕዝብ ጉዳዩን ለማስፈጸም የሚመጣበት፣ ቀለሙ ገና ያልለቀቀው አዲስ መሥሪያ ቤት ነው። ሟቹ ጡረተኛ መምህር ነበሩ፤ በተሽከርካሪ ወንበራቸው እየዞሩ የሕዝብ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች መመቸታቸውን ይፈትሹ ነበር። ትናንት ጠዋት ለዚሁ ሥራ መጡ፤ ከሰዓት በኋላ ምድር ቤቱ ላይ ባለው የአካል ጉዳተኞች መጸዳጃ ቤት ሞተው ተገኙ። ከመቀመጫው ጎን ያለው የእጅ መያዣ ብረት ተነቅሎ ወድቋል። አጠገቡ፣ የወደቀ ሰው ስቦ በደወል እርዳታ የሚጠራበት ገመድ ተንጠልጥሏል። ሐኪሙ ጭንቅላታቸው እንደተመታ፣ ግን ቶሎ እንዳልሞቱ፣ እስከ እኩለ ቀን ድረስ ነፍሳቸው እንደነበረች ተናግሯል።

መርማሪዋ መጀመሪያ ያገኘችው ሕንፃውን የሠራውን መሐንዲስ ነው። ዓይኗን ማየት ፈርቷል።

«ብረቱን ማን ተከለው?»

«የእኔ ሠራተኞች። ብሎኑ አጭር ነበር፤ አልክድም።»

«በሩስ ለምን ወደ ውስጥ ይከፈታል?»

«ወደ ውጭ ከሆነ መተላለፊያውን ያጣብባል ተባልኩ። መምህሩ ጠዋት ተቆጥተውኝ ነበር። ሰው ውስጥ ቢወድቅ በሩን በገላው ይዘጋዋል፣ ማን ገብቶ ያነሳዋል አሉኝ።»

እንዳሉትም ሆነ። ራሳቸው ወድቀው በሩን ዘጉት። የጽዳት ሠራተኛዋ ልትገባ ብትገፋ እምቢ አላት፤ በኋላ ጥበቃውና መሐንዲሱ በመጥረቢያ ፈልጠውት ነው የገቡት።

ጽዳቷ ባልዲዋን ደፍታ ተቀምጣበታለች። «እትዬ፣ ልታሰር ነው እንዴ? ወለሉን አርጥበሽ የጣልሻቸው አንቺ ነሽ ይሉኛል። እኔ እኮ ጠዋቱን ሙሉ ፎቅ ላይ ነበርኩ።»

«በሩ ከተሰበረ በኋላ የሆነውን ንገሪኝ።»

«የመሥሪያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ መጡ። ጥበቃውን ፖሊስ ጥራ፣ መሐንዲሱን አምቡላንስ ጠብቅ፣ እኔን አንሶላ አምጪ አሉ። ሬሳ ብቻውን አይተውም ብለው እሳቸው ቀሩ።»

«ገመዱስ? አይተሽው ነበር?»

ጽዳቷ የሥራ አስኪያጁን በር ሰረቅ አድርጋ አየች። «እኔ ስለ ገመድ አላውቅም።»

መርማሪዋ አላስጨነቀቻትም። የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ ጋ ሄደች።

«የመምህሩ ስልክ እኔ ጋ ቻርጅ ላይ ነበር» አለች ጸሐፊዋ ድምጿ እየተቆራረጠ። «ረስተውት የሄዱ መስሎኝ። እንግዶች ስለነበሩን አዳራሽ ገብቼ ቃለ ጉባኤ እይዝ ነበር።»

«ሥራ አስኪያጁ እንግዳ የሚቀበሉት አዳራሽ ነው?»

«ኧረ የለም፤ ቢሮአቸውን ማሳየት ነው የሚወዱት። ትናንት ረፋዱ ላይ ግን እንግዶቹ በር ላይ ሳሉ ወጥተው፣ ቢሮዬ ይሞቃል፣ አዳራሽ ይሻላል ብለው መለሱን።»

መርማሪዋ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። ዝናቡ ከትናንት ጀምሮ አላባራም፤ ጸሐፊዋም በወፍራም ሻርፕ ተጠቅልላለች።

የሥራ አስኪያጁ ቢሮ ከመጸዳጃ ቤቱ ጋር በአንድ ግድግዳ ይዋሰናል። ሰውየው ወንበር ስበው አስቀመጧት።

«ምንም አልሰማሁም። ግድግዳው ወፍራም ነው» አሉ። «የጥሪው ደወል እዚህ ራሴ ላይ ነው የሚጮኸው፤ አልጮኸም። ገመዱ ወለል ድረስ ወርዶላቸው እያለ ካልሳቡት ምን ይደረግ? ያዘኑ ሰው ነበሩ መሰለኝ። ነፍስ ይማር።»

መርማሪዋ ወደ ተሰበረው በር ተመለሰች። ፖሊሶቹ ፎቶ አንስተው ጨርሰዋል፤ ወለሉ ላይ የቀረው ሬሳው የተጋደመበት በጠመኔ የተሰመረ መስመር ነው። ኮቷን አውልቃ መስመሩ ውስጥ ተጋደመች። ወለሉ ቀዝቃዛ ነው። ቆማ ሳለች መቀመጫው የጋረደባትን ግድግዳ አሁን አየችው። ከገመዱ ጀርባ፣ የተጋደመ ሰው እጅ በሚደርስበት ቁመት፣ የደረቀ የጣት ደም ከላይ ወደ ታች ተጎትቷል። ደጋግሞ ተጎትቷል። መርማሪዋ እዚያው እንደተጋደመች ገመዱን ከጫፉ ጀምራ መረመረችው።

ሁሉንም መተላለፊያው ላይ ሰበሰበቻቸው። ሚስትየውን ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው።

«መምህሩ ደም በነካው እጃቸው ግድግዳውን ደጋግመው ዳብሰዋል» ብላ ጀመረች። «የሚዳብሱት ገመዱ ሊኖር የሚገባበትን ቦታ ነው። ገመዱ ላይ ግን ጠብታ ደም የለም። ስለዚህ ያን ጊዜ እዚያ አልነበረም። ጫፉም ነጭ ነው፤ በየቀኑ በሚወለወል ወለል ላይ ተንጠልጥሎ የኖረ ገመድ ጫፉ ይቆሽሻል። መሐሉ ደግሞ ተቋጥሮ የኖረበት ሽብሽብ አለበት። ላይ ተሰቅሎ ነበር።»

ጽዳቷ ማልቀስ ጀመረች። «እኔ ነኝ የቋጠርኩት። ሰዉ የውኃ ማውረጃ እየመሰለው ይስበዋል፣ ደወሉ ያደነቁረኛል፣ ስቀይልኝ ሲሉኝ ነው።»

«ማን?»

ጽዳቷ በአገጯ ወደ ሥራ አስኪያጁ አመለከተች።

«ታዲያ ማን ፈታው?» አለች መርማሪዋ። «መምህሩ ከወደቁ በኋላ በሩ እስኪፈለጥ ድረስ ሰው መግባት አይችልም ነበር። ከተፈለጠ በኋላ ብቻቸውን እዚያ የቀሩት አንድ ሰው ናቸው።»

«ደነገጥኩ» አሉ ሥራ አስኪያጁ። «ጥፋት ነው፤ ግን ሰው መግደል አይደለም። እኔ መውደቃቸውን በምን አውቃለሁ?»

«ያውቁ ነበር። ያን በመሰለ ብርድ ቢሮዬ ይሞቃል ብለው እንግዶቹን የመለሱት በግድግዳው ወዲያ የሚሰማውን እንዳይሰሙ ነው። መምህሩ ሕንፃው ፍተሻውን አያልፍም ሊሉ ነበር፤ እርስዎም ተዉዋቸው።»

ሚስትየው ከወንበራቸው ተነሥተው ሥራ አስኪያጁ ፊት ቆሙ።

«ምን ይል ነበር?» አሉ። «ሰምተኸዋል። ንገረኝ፣ ምን ይል ነበር?»

ሥራ አስኪያጁ አንገታቸውን ደፉ። «ገመዱን አውርዱልኝ» አሉ በመጨረሻ። «ደጋግመው... ገመዱን አውርዱልኝ ነበር የሚሉት። እልህ ያዘኝ። በኋላ ዝም ሲሉ፣ የወጡ መስሎኝ።»

ሚስትየው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «መኖር ፈልጎ ነበር» አሉ ለመርማሪዋ። እሷም እጃቸውን ያዘች።

ከዚያ እጃቸውን አስለቅቀው ወደ ክፍሉ ገቡ። የጠመኔውን መስመር እንዳይረግጡ ተጠንቅቀው ተንበረከኩ፤ ገመዱንም ሳቡት። ደወሉ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ውስጥ ጮኸ። በዚያ ወፍራም በተባለው ግድግዳ በኩል ለሚስትየው ጥርት ብሎ ይሰማቸው ነበር።