የመስታወቱ ቀኝ

መርማሪዋ ስትደርስ ዳኛው ከትልቁ መስታወት ፊት በጀርባቸው ተንጋለው ነበር። አናታቸው ተፈንክቷል፤ የቀኝ እጃቸው ጣቶች በዐሥራ ሁለት ኪሎ ብረት እጀታ ላይ ተጠምጥመዋል። ስንትና ስንት ሟች አይታለች፤ ሟች ሲያያት ግን ይህ የመጀመሪያው ነው። ያልተከደኑት ዓይኖች በመስታወቱ ውስጥ እሷ ላይ አርፈዋል። ለማንም አልተናገረችም እንጂ ፈርታ ነበር።

ቤቱ ሃምሳን የተሻገሩ ሰዎች፣ ለእያንዳንዳቸው እንደ ዐቅማቸውና እንደ ሕመማቸው በተጻፈ ካርድ፣ ብረት የሚያነሱበት ነው። አሰልጣኙ የጡረተኛውን ዳኛ ካርድ ይዞ ወለሉ ላይ ተዘርፍጧል።

«እኔ ነኝ የገደልኳቸው» አለ።

«በምን?»

«ከዐሥር ኪሎ ወደ ዐሥራ ሁለት ያሳደግኳቸው እኔ ነኝ። የመለማመጃ ላስቲክ ላመጣ ዕቃ ቤት ገባሁ፤ ስመለስ ብረቱ አምልጧቸው...»

በር ላይ የቆመው ፖሊስ ካቴናውን አዘጋጅቷል። «ሽማግሌ ላይ ብረት የሚጭን የእጁን ያገኛል» ብሎ አጉረመረመ።

«ቆይ እስቲ፣ አትቸኩል» አለችው መርማሪዋ። ካርዱን ከአሰልጣኙ ተቀብላ አነበበችና ኪሷ ከተተችው።

ከአሰልጣኙ ሌላ ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው። ለየብቻ ጠርታ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀቻቸው፤ ዳኛው ብረቱን እንዴት ከራሳቸው በላይ እንደሚያነሱ በእጃቸው እንዲያሳይዋት።

ማረፊያ ክፍል ይጠብቁ የነበሩት ባለቤታቸው ግራ እጃቸውን ሰቀሉ። «ቀኙማ የት ይነሳል፣ ልጄ? ሸሚዝ የማለብሳቸው እኔ አይደለሁ!» አሉና ፊታቸውን ሸፈኑ።

ሻወር ቤት የነበረው የጥርስ ሐኪም ጓደኛቸውም ግራውን አነሳ። «አጠገባቸው ቆሜ ስንቴ አሹፌባቸዋለሁ! ቀኙን ካነሱ የራሴን ጥርስ እነቅላለሁ እያልኩ...» የጀመረውን ሳቅ ዋጠው።

አርባ የሚጠጋት ዝምተኛዋ እንግዳ ተቀባይ ቀኝ እጇን አነሳች።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ አይቻቸዋለሁ።»

መርማሪዋ ሄዳ የእንግዳ ተቀባይዋ ወንበር ላይ ተቀመጠች። በተከፈተው በር የሚታየው መስታወቱ ብቻ ነው። ፖሊሱን ዳኛው ይቆሙበት ከነበረው ቦታ ጎን ፊቱን ወደ መስታወቱ አቁማ ግራ እጁን አሳነሳችው። በመስታወቱ ውስጥ ያለው ፖሊስ ፊቱን ወደ እሷ አድርጎ ቀኝ እጁን ሰቀለ።

አስከሬኑ ከተሸፈነ በኋላ ሁሉንም መስታወቱ ፊት ሰበሰበቻቸው።

«ካርዱ ‹ቀኝ ትከሻ፣ የቆየ ስብራት፤ ከራስ በላይ በግራ ብቻ› ይላል» አለች። «ብረቱ የተገኘው ግን በቀኝ እጃቸው ነው። ስለዚህ አላመለጣቸውም። ሰው መትቷቸው፣ ኋላ ብረቱን አስይዟቸዋል። እጁን የሚስተው ማን ነው? አሰልጣኙ ካርዱን የጻፈው ራሱ ነው። ባለቤታቸው ያለብሷቸዋል። ሐኪሙ አጠገባቸው ይቆማል። በአንድ እጅ እንደሚያነሱ እያወቀ የትኛው እንደሆነ የሚያምታታ፣ በመስታወት ብቻ ያያቸው ሰው ነው።» ወደ እንግዳ ተቀባይዋ ዞረች። «ሁለት ዓመት ሙሉ አንዴ እንኳ ቀና ብለሽ አላየሻቸውም?»

ሴትዮዋ አልካደችም።

«አቃተኝ። አባቴ ላይ ባልሠራው ወንጀል ሃያ ዓመት የፈረዱበት እሳቸው ናቸው። ዓመት ሳይሞላው እስር ቤት ሞተ፤ ጥፋተኛው በኋላ ተያዘ። እሳቸው አላወቁኝም። ‹እንደምን አደርሽ፣ ልጄ› ሲሉኝ አንገቴን እደፋለሁ። ፊታቸውን የማየው እዚያ ውስጥ ብቻ ነበር።» በአገጯ መስታወቱን አመለከተች። «ዛሬ ፎጣ ላቀብላቸው ስገባ እየሳቁ ‹ገና ሃያ ዓመት አለኝ› አሉኝ። ሃያ ዓመት! ከዚያ በኋላ እጄ የኔ አልነበረም።»

ፖሊሱ ይዟት ወጣ። ሌሎቹም ተከተሉ።

«ታዲያ እኔ አልገደልኳቸውም?» አለ አሰልጣኙ።

«አልገደልክም።»

አሰልጣኙ ተነስቶ መስታወቱ ፊት ቆመ። «‹ሃያ ዓመት እጨምርልዎታለሁ› ያልኳቸው እኮ እኔ ነኝ» አለ።

መርማሪዋ ካርዱን ከኪሷ አወጣች። ከካርዱ ግርጌ በእሱ እጅ የተጻፈች ‹ግብ፦ ሃያ ዓመት መጨመር› የምትል አንዲት መስመር አለች፤ ጮክ ብላ ያላነበበችው ያቺን መስመር ብቻ ነበር።