ፓይ ገዝቶ የማያውቀው ሰው

ማርኒ ስልኳን በመንገደኞች ጀልባዋ አግዳሚ ወንበር ላይ አንሸራታ ሰጠችው።

«ቁራ፣ ሌባው ላክላን ነው» አለች። «መሣሪያው ዛሬ ይውጣ። ነገ አንተ ታጋልጠዋለህ።»

ቁራ የምስጢር ስሙ ነው። ኢዋን በሚል የሐሰት ስም በአውስትራሊያዋ ሆባርት ከተማ ውስጥ ፕሮግራም ሲጽፍ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ቢሮው ረስት በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ለኤአይ (ለሰው ሠራሽ አስተውሎት) ረዳቶች የሶፍትዌር መሣሪያ ይሠራል። ዛሬ የሚወጣው፣ ረዳቱ የፍርድ ቤት መዝገብ እንዲከፍት የሚያስችል ነው፤ ከገዳዮች የተደበቁ ምስክሮችን አድራሻ ሳይቀር። አንድ ሰው በመሣሪያው ውስጥ የጓሮ በር፣ ማለትም ስውር መግቢያ፣ ሊከፍት እንደሆነ ተሰምቶ፣ የስለላ አለቃው ማርኒ እሱን አስርጋ አስገባችው።

የበሩ ኮድ ይኸው፣ ስልኩ ላይ። ከላዩ የላክላን ስም።

ደስ አለው። እውነቱን እንናገር፣ ጮቤ ረገጠ። ቢሮው ሁሉ ለባልደረባው ለላክላን ሲያጨበጭብ እሱ ከዳር ቆሞ አንጀቱ ሲያር ኖሯል። መዝገቡን ባንዴ የሚያገኘውን፣ «ፈላጊ» የተባለውን የመሣሪያውን ክፍል የጻፈው እሱ ነው፤ ማን አንድ ቃል አለለት? ቅናቱ እንቅልፍ ሲነሳው የላክላንን ኮድ እንከን ፍለጋ መስመር በመስመር አንብቦታል።

ደስታው ግን ወዲያው ቀዘቀዘ።

ረስት የተጻፈውን ሁሉ መርምሮ የሚያሳልፍ ቋንቋ ነው። ከምርመራው ማምለጥ የፈለገ ያንን ክፍል «አደገኛ» ብሎ በግልጽ መሰየም አለበት። በነሱ ቢሮ ደግሞ እንዲህ የጻፈ ሰው ምክንያቱን ከላዩ ያሰፍራል፤ እንደ ቅጣትም ለሁሉም ፓይ፣ ሥጋ በውስጡ ያለ ጋገራ፣ ይገዛል። ኢዋን አራት ጊዜ ገዝቷል። ላክላን አንድም ቀን ገዝቶ አያውቅም፤ ኢዋንን ከሁሉ በላይ ያንገበገበው ይኸው ነበር።

የጓሮው በር «አደገኛ» በሚል ክፍል ውስጥ ነው። ምክንያት የለውም።

የላክላን አይደለም።

«ይህ ኮድ በማን የይለፍ ቁልፍ ገባ?»

«ምን አገባህ?»

ያለ ሠራተኛ ቁልፍ ኮድ አይገባም፤ ኢዋን ደግሞ የራሱን ቁልፍ የሰጠው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ለሷ።

«በሩን ለገዳዮቹ የከፈትሽው አንቺ ነሽ።»

ማርኒ ፈገግ አለች። «ሪፖርቶችህን ሁሉ አንብቤያለሁ እኮ። ግማሹ የላክላን ሐሜት ነው። ዓይንህን ጨፍነህ ትቀበለኛለህ ብዬ ነበር።»

በዓይኗ ስትጠቅስ ከኋላው አንድ ግዙፍ ሰው ተነሳ።

ኢዋን ሮጦ ሽንት ቤት ገባና በሩን ቀረቀረ። ደወለ።

«ላክላን፣ በኔ ቁልፍ የገባውን ሁሉ ከመሣሪያው ሰርዘው፤ የትኛው የኔ እንዳልሆነ መለያ ጊዜ የለም። ፖሊስም ወደቡ ላይ ይጠብቀን።»

«ሁሉን? ፈላጊውንም? አብደሃል እንዴ ወንድሜ! እኔ እንኳ እንደሱ አድርጌ መጻፍ አልችልም!»

በሩ ተደበደበ።

ሁለት ዓመት የጓጓለት ቃል ነበር።

«ሰርዘው።»

ማርኒ ወደቡ ላይ ተያዘች። መሣሪያው ያለ በር፣ ያለ ፈላጊ ወጣ። ምስክሮቹን ማንም አላገኛቸውም። ኢዋን የሚባል ሰውም ከዚያ ወዲያ ቢሮው አልታየም።

በዓመቱ ዳርዊን በምትባል ሌላ ከተማ ውስጥ፣ ሌላ ስም ያለው ፕሮግራመር የዚያን መሣሪያ ኮድ ከፈተ፤ ለሁሉም ክፍት ነው። እንደ ልማዱ እንከን ፍለጋ። ላክላን ፈላጊውን እንደ አዲስ ጽፎታል። አንድ «አደገኛ» ክፍል አለበት፣ ላክላን በሕይወቱ የጻፈው የመጀመሪያው። ከላዩ ምክንያቱ ሰፍሯል፦

«ኢዋን ያለዚህ ሠርቶት ነበር። እኔ አቃተኝ። ፓይ ገዝቻለሁ።»

«ኢዋን ደግሞ ማነው?» አለች ከጎኑ የተቀመጠችው ልጅ፣ ወደ ስክሪኑ አጮልቃ።

«አላውቀውም» አለ።

ግን በዚያ ኢዋን በተባለው ሰው ቀና።