«ከእሷ ነው»

ቀነኒና ዳበሳ የተገናኙት ከአሶሳ ወደ ባምባሲ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ቀነኒ ፌስታል ሙሉ የበሰለ ማንጎ አጠገቧ ወንበር ላይ አስቀምጣ በመስኮት ወደ ውጭ ታያለች። ዳበሳ ሳያይ ዘፍ አለበት።

«ኧረ ማንጎዬን!»

«ኧረ ሱሪዬን!»

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ሲወርዱ ዳበሳ ከኋላዋ ተከተላት።

«እህቴ፣ ስምሽን ሳልይዝ ቤቴ ብገባ ይህ ሱሪ ምን ይለኛል?»

ልትቆጣ አፏን ከፍታ... ሳቀች።

ዳበሳ አናጢ ነበር። ሲጋቡ አልጋቸውን በገዛ እጁ ሠራው። ፍቅራቸው ጎረቤትን ያስቀና ነበር። ልጅ ግን ዘገየ። አማቷ ወይዘሮ ጸሐይነሽ በመጀመሪያ ጸለዩ፤ ቆይተው ጠየቁ፤ በኋላ ማጉረምረም ጀመሩ።

ባልና ሚስቱ ተያይዘው አሶሳ ሄዱና ተመረመሩ። ሐኪሙ ቀነኒን እያየ «አንቺ ጤነኛ ነሽ። ችግሩ ከባለቤትሽ ነው፤ መውለድ አይችልም» አለ።

ከክሊኒኩ እንደወጡ ዳበሳ አጥሩን ተደግፎ አለቀሰ።

«እናቴ ይህን ከምትሰማ ብሞት ይሻለኛል።»

«እንዲህ አትበል!»

«ወንድ አይደለም ይሉኛል፣ ቀነኒ...»

እንባውን በነጠላዋ ጠረገችለት። «ከእኔ ነው እላቸዋለሁ። አንተ ብቻ አጠገቤ ሁን።»

«እስክሞት!» አላት።

ቃሏን ጠበቀች። አማቷ «በቅሎ» ሲሏት አንገቷን ደፋች። አራስ ልትጠይቅ ሄዳ ሕፃኑን ከእጇ ቶሎ ሲቀበሏት ፈገግ አለች። ዳበሳ ሰው በሌለበት እጇን ይስማል። ያ ይበቃት ነበር።

በመጨረሻ ወይዘሮ ጸሐይነሽ «ይፍታትና ሌላ ያግባ» ብለው ሽማግሌ ሰበሰቡ። የዳበሳ አጎት አቶ ረጋሳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ ዳበሳ፣ እውነቱን ተናገር። ችግሩ ከማን ነው?»

ቀነኒ ራሷ ልትመልስ ተዘጋጅታ ነበር። እሷ «ከእኔ ነው» ልትል፤ እሱ ደግሞ «ቢሆንም አልተዋትም» ሊል። ዳበሳ ግን ቀደማት።

«ከእሷ ነው።»

ቀና ብሎ እንኳ አላያትም።

«እንግዲህ ምን ይሻላል?» አሉ አጎቱ።

«እናቴ እንዳለችው ይሁን...»

ያንን ውሸት በፍቅር የሰጠችው እሷ ነበረች። ከእሱ አፍ ስትሰማው ግን ፍርድ ሆነባት። አንዲት ቃል ብትተነፍስ ቤቱ በተገለባበጠ ነበር። እሷ ግን ልብሷን ሸክፋ አሶሳ ገባች፤ ክፍል ተከራይታ ገበያ ውስጥ ፍራፍሬ መሸጥ ጀመረች።

ዳበሳ ሌላ ሚስት አገባ። በዓመቱ ቀነኒ የምትሸጥበት ቦታ መጥቶ ቆመ። ከስቷል።

«ባለቤቴ አርግዛለች» አላት።

«እንኳን ደስ አለህ።»

«ሐኪሙ ተሳስቶ ነበር ማለት ነው... አይደል?» ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለ። «ይህን የምናውቀው እኔና አንቺ ብቻ ነን። ተሳስቶ ነው በይኝ!»

ቀነኒ ያቺን አይታት የማታውቃትን ሴት አሰበች። እሷም «በቅሎ» መባልን ፈርታ ከሌላ አርግዛ ይሆናል። ወይም ሐኪሙ እውነትም ተሳስቶ ይሆናል። ማን ያውቃል?

«ለአንተ አንዴ ዋሽቻለሁ፣ ዳበሳ። ሁለተኛ አልዋሽም። ማወቅ ከፈለግህ ሂድና ተመርመር።»

«ብመረመርና... ያው ቢሆንስ?»

«ዝም ትላለህ። ዝም ማለት እንደሆነ ታውቅበታለህ።»

ዳበሳ አልተመረመረም። ልጁ ሲወለድ ወይዘሮ ጸሐይነሽ «አብዲ» አሉት፤ በኦሮምኛ ተስፋ ማለት ነው። ዓይኑ ቁርጥ አባቱን ነው ብለው ለመጣው ሁሉ አወሩ። ወሬው አሶሳ ገበያ ደረሰ።

የዚያን ዕለት ቀነኒ ደንበኛ ሲጠራት አትሰማም። አጠገቧ ሽንኩርት የምትሸጠው ሪም አየቻት። ሪም አፏን የፈታችው በበርታ ቋንቋ ነው፤ አማርኛን የለመደችው ከገበያ ነው።

«ቀነኒ፣ አንቺ ልጅ የለም? መውለድ እምቢ አለ?»

ለዓመታት የለመደችው መልስ ምላሷ ላይ መጣ። ዋጠችው።

«ከእኔ አልነበረም፣ ሪም። ከእሱ ነበር።»

«ወላሂ? ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«የሚወደኝ መስሎኝ።»

ሪም በርጩማዋን ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። ቀነኒ ከባምባሲ ከወጣች ወዲህ አልቅሳ አታውቅም ነበር። አሁን በጠራራ ፀሐይ፣ ገበያተኛው ሁሉ እያየ፣ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።