ጣሳ ሙሉ ትል

ልዩቤን ታባኮቭን የጽሕፈት ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ያገኘችው የቤት ሠራተኛው ጾና ናት፤ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ። ሩሴ ከተማ ውስጥ ከእንግሊዝኛ ወደ ቡልጋሪያኛ በመተርጎም እንደ እሱ የተከበረ፣ እንደ እሱም የተጠላ ሰው አልነበረም። ሬሳው አጠገብ የአረቄ ብርጭቆ፣ ተንጠፍጥፎ ያለቀ የልብ መድኃኒት ጠርሙስና በኮምፒውተር የተጻፈ ወረቀት ነበር።

ኢንስፔክተር ዲያማንዲና ጋኔቫ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ደክሞኛል። ያለፈውን መነካካት ጣሳ ሙሉ ትል መክፈት ነው። ይቅር በሉኝ።»

ቤቱ ውስጥ ያደሩት ሦስት ሰዎች ነበሩ። መጀመሪያ ጾናን ማድ ቤት አገኘቻት።

«ወረቀቱን አይተውታል እማማ?»

«አይቼዋለሁ። ግን የምን ትል ነው? ሰውዬው እንደሆነ ዳኑብ ወንዝ ወርዶ ዓሣ አጥምዶ አያውቅ!»

ለአሥራ አምስት ዓመት የሟቹ ተማሪ የነበረው ካሜን መጻሕፍት ክፍሉ ውስጥ ቆሞ ነበር። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ጋሼ ልዩቤን ይህን አልጻፉም» አለ። «እንግሊዞች የተዳፈነ ችግር የሚቆሰቁስን ሰው እንዲህ ይሉታል። እኛ ግን የፓንዶራን ሳጥን ከፈተ ነው የምንለው። ጋሼ እንዲህ ቃል በቃል የሚገለብጥ ተማሪ ካገኙ ከክፍል ያባርሩት ነበር።»

«ታዲያ አንተ ጽፈኸው ይሆናላ!»

«እኔ ብሆንማ በደንብ እተረጉመው ነበር።»

የሟቹ ልጅ ቢስትራ ሃያ ዓመት እንግሊዝ አገር ሊድስ ኖራ የመጣችው በዚያው ሳምንት ነው። ወረቀቱን አንብባ መለሰች።

«ያሳዝናል» አለች።

«ያልገባሽ ነገር አለ?»

«ምን የማይገባ ነገር አለው?»

ከሰዓት በኋላ ኢንስፔክተሯ ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ሟቹ ይህን አረፍተ ነገር ሊጽፈው አይችልም፤ ሲያርም የኖረው እንዲህ ያለውን ነው። እማማ ጾና እንግሊዝኛ አያውቁም፤ ትሉን ሲያዩ የታያቸው መንጠቆ ነው። ካሜን ገና ሲያነበው ስህተቱ ዓይኑን ወጋው። ያልጎረበጣት አንድ ሰው ብቻ ናት። በእንግሊዝኛ እያሰበች በቡልጋሪያኛ የምትጽፍ።»

ቢስትራ ሳቀች። «በአንድ ትል ልታስሪኝ ነው?»

«በትሉ ብቻ አይደለም። የሰረዝሽው ጽሑፍ ከኮምፒውተርሽ ተገኝቷል። ይኸው ደግሞ ከአባትሽ መሳቢያ የወጣው።»

የደብዳቤ እስር ጠረጴዛው ላይ አኖረች። በየገጹ ቀይ ቀለም ፈሶበታል። የቢስትራ ሳቅ ጠፋ።

«ለአባቴ የጻፍኳቸው ናቸው። አርሞ፣ ነጥብ ሰጥቶ ነበር የሚመልስልኝ። ቅጂውን ደግሞ ያስቀምጣል» አለች። «እናቴ የሞተች ጊዜ፣ እስክመጣ አትቅበሯት ብዬ ለመንኩት። አሥራ አንድ ስህተት አወጣልኝ። ከመቶ ሠላሳ ሰጠኝ። ከታች "ተቀብራለች" ብሎ ጻፈ።»

ቢስትራ የደብዳቤውን እስር ወደ ጎን ገፋችው።

«ትናንት እራት ላይ፣ ለምን እንዲህ አደረግከኝ ብዬ ጠየቅኩት።»

«ምን አለሽ?»

«ጥያቄውን አረመልኝ። ከዚያ አረቄ ቅጂልኝ አለ። ቀዳሁለት።»

ጾና አማተበች። ኢንስፔክተሯ ነጭ ወረቀትና እስክሪብቶ ገፋ አደረገችላት።

«ቃልሽን ጻፊ።»

«በእንግሊዝኛ ልጻፈው?»

«በቡልጋሪያኛ።»

ቢስትራ መጻፍ ጀመረች። ሦስተኛው መስመር ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ወደ ካሜን ዞረች።

«"መርዝ" እንዴት ነው የሚጻፈው?»

ካሜን ድምፁን ሳይቀይር፣ ፊደል በፊደል ነገራት።