ከባሕሪ የሚላከው ውጤት

አያሌው የግቢውን በር ተደግፎ ቆመ። ከንፈሩ ጠቁሯል፤ ትንፋሹ ይቆራረጣል።

«አባዬ፣ በቃ ተቀመጥ!» አለች ገሊላ ክንዱን ይዛ።

«ስልኩ ምን አለ? መጀመሪያ እሱን ንገሪኝ።»

ስልኩ ላይ የእግር ጉዞ መለኪያ አፕ የጫነለት የልብ ሐኪሙ ነው። አያሌው ከቀዶ ጥገናው ወዲህ በየቀኑ ስድስት ደቂቃ በካርቱም ከተማ፣ ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈራቸው መንገድ ላይ ይራመዳል፤ አፑ የሄደውን ርቀት ይለካል። እሱም ውጤቱን ከዓባይ ወንዝ ማዶ፣ ባሕሪ ለሚኖረው ለጋሽ ሙሐመድአወል ይልካል። የተዋወቁት ሆስፒታል ጎን ለጎን ተኝተው ነው። አንዱ ሲልክ ሌላው ይመልሳል፤ ይበሻሸቃሉ፤ ይሳሳቃሉ።

ሰሞኑን ግን የጋሽ ሙሐመድአወል ውጤት በአንዴ ጨመረ። አያሌው እልህ ያዘው። «በዕድሜ ይበልጠኛል እኮ! እንዴት ጥሎኝ ይሄዳል?» እያለ ይፈጥን ጀመር።

ገሊላ አባቷን አስተኝታ የደጁ ደረጃ ላይ ወጣችና ወደ ባሕሪ ደወለች። ጋሽ ሙሐመድአወል አባቷን «ቀስ በል» ቢለው ይሰማው ይሆናል ብላ ነው። ስልኩን ያነሳችው ግን ልጁ ዘሊካ ናት። ሁለቱ ልጆች ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ብዙ ቀን አብረው ጠብቀዋል።

«ዘሊ፣ እስቲ አባትሽን አቅርቢልኝ።»

«የለም» አለች ዘሊካ።

«ወጥቶ ነው?»

«ሞቷል፣ ገሊላ። ያለፈው ጁምዓ።»

ገሊላ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። «ታዲያ ውጤቱን ማነው የሚልከው?»

«እኔ ነኝ። በተቀበረ ማግስት አባትሽ ‹ያላ፣ በል እንጂ፣ ዛሬስ?› ብሎ ጻፈለት። ሞቷል ብዬ መመለስ አቃተኝ። ስልኩን ይዤ ወጣሁና እኔው ሄድኩ። አባትሽም ልቡን ታሟል፣ እንዳይደነግጥ ብዬ ነው። ደግሞ እሱ ሲጽፍለት አባዬ ያለ ይመስለኛል። በናትሽ እንዳትነግሪው!»

ገሊላ፣ «አንቺ ላይ እደርሳለሁ ብሎ ሊወድቅ ነበር እኮ» ልትላት አሰበች። ዘሊካ ግን እያለቀሰች ስለነበር አላለቻትም።

ወደ ቤት ገብታ ለአባቷ መድኃኒቱን ሰጠችው። ትንፋሹ እስኪረጋ ጠበቀችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ስለ ጋሽ ሙሐመድአወል የምነግርህ አለ።»

ፊቷን አየና ገባው። ሁሉንም ነገረችው። አያሌው ወደ ግድግዳው ዞረ።

«ሳልቀብረው» አለ። ደግሞም፣ «ልጅቷ ብቻዋን ነበር የምትሄደው?»

«ብቻዋን።»

በማግስቱ ለልቅሶ በሚኒባስ ወደ ባሕሪ ሄዱ። ድልድዩ ላይ መኪናው በሌሎች መኪኖች መሀል ቆመ። አያሌው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ማልቀስ ጀመረ። ተሳፋሪዎች ዞር ዞር ብለው አዩት። ገሊላ ለልቡ ፈርታ «አታልቅስ» ልትለው አፏን ከፈተች። ከዚያ ተወችው፤ ጠጋ ብላ እጁን ያዘች።